ተቋማዊ ባለቤትነትና የተዛምዶ ንግድ በቴክኖሎጂ ኢቲኤፎች፦ የድርሻ ደንብ በመለኪያ ላይ ያለው ተጽዕኖ

አኅጽሮተ ጥናት

የተቋማት ይዞታ በበዛ ቁጥር የአክሲዮኖች ዋጋ አብሮ የመንቀሳቀስ ዝንባሌ ይጨምራል የሚለው ሐሳብ በፋይናንስ ጥናት ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አለው። ይህ ጽሑፍ ሐሳቡን በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዘርፍ ኢቲኤፎች ላይ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በፎርም 13ኤፍ የሚመዘገበው የይዞታ መጠን የያዡን ዓላማ ስለማያሳይ ብቻውን የተዛምዶ ግፊት መለኪያ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ በዘርፍ ፈንዶች ውስጥ የአክሲዮኖችን ድርሻ የሚወስነው የገበያ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ደንብም ነው፤ ደንቡን ያላገናዘበ ስሌት የተዛምዶውን ግምት በእጅጉ ሊያዛባ ይችላል። ለማሳያነት እ.ኤ.አ. በጁን 2024 በኤክስኤልኬ ፈንድ ላይ የተደረገው የድርሻ ማስተካከያ ቀርቧል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ኢቲኤፍ፣ ተቋማዊ ባለቤትነት፣ ተዛምዶ፣ የዋጋ መዋዠቅ፣ የኦፕሽን ውል

1. መግቢያ

ኢቲኤፍ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ቅርጫት አሰባስቦ የሚይዝ፣ የራሱ አክሲዮን ግን በገበያ ላይ ቀኑን ሙሉ እንደ ማንኛውም አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ፈንድ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የኤስ ኤንድ ፒ 500 ፈንድ ግብይት የጀመረው በጃንዋሪ 1993 ነበር። የቴክኖሎጂ ዘርፍን የሚከተለው ኤክስኤልኬ በዲሴምበር 1998፣ ናስዳክ 100ን የሚከተለው ኪውኪውኪው ደግሞ በማርች 1999 ተከተሉ። እነዚህ ፈንዶች ዛሬ ከጡረታ ፈንድ እስከ ግለሰብ ቆጣቢ፣ ከባንክ የግብይት ክፍል እስከ ሄጅ ፈንድ ድረስ ብዙ ዓይነት ባለቤት አሏቸው።

ባለቤቶቹ በአንድ ፈንድ ውስጥ ቢገናኙም የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም። ቆጣቢው ፈንዱን የሚገዛው አደጋን በብዙ ኩባንያዎች ላይ ለማከፋፈል ነው። የተዛምዶ ነጋዴው ደግሞ የሚገበያየው በዚያው ክፍፍል ላይ ነው፤ የሚያተርፈው ወይም የሚከስረው በቅርጫቱ ውስጥ ያሉት አክሲዮኖች ምን ያህል አብረው እንደሚንቀሳቀሱ በመገመት ነው። የሁለቱም ውጤት በአንድ መጠን ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ መጠኑን በትክክል መለካት ለንድፈ ሐሳብም ለኑሮም ፋይዳ አለው። አደጋው ተከፋፍሏል ብሎ ያመነ ቆጣቢ፣ ተዛምዶው ሲጨምር ክፍፍሉ መጥፋቱን የሚያውቀው ገንዘቡ ከቀነሰ በኋላ ነው።

2. የቀደሙ ጥናቶች

አክሲዮኖች ከመሠረታዊ የኢኮኖሚ ምክንያት ውጭም አብረው ሊንቀሳቀሱ እንደሚችሉ ባርበሪስ፣ ሽላይፈርና ወርግለር በ2005 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። አንድ ኩባንያ ወደ ኤስ ኤንድ ፒ 500 ሲገባ ሥራው ባይለወጥም የአክሲዮኑ ዋጋ ከመለኪያው ጋር ያለው ትስስር ይጠነክራል። አንቶንና ፖልክ በ2014 ያቀረቡት ጥናት ደግሞ በጋራ የፈንድ ባለቤት የተያያዙ አክሲዮኖችን ተከታትሎ፣ የጋራ ባለቤትነት የወደፊት ተዛምዶን ለመተንበይ እንደሚረዳ አመልክቷል።

ኢቲኤፍን በተለየ ሁኔታ የተመለከቱ ሥራዎችም አሉ። ቤን-ዴቪድ፣ ፍራንዞኒና ሙሳዊ በ2018 የኢቲኤፍ ባለቤትነት ከፍ ያለባቸው አክሲዮኖች የበለጠ እንደሚዋዥቁ አረጋግጠዋል። ዳና ሻይቭ በዚያው ዓመት የኢቲኤፍ እንቅስቃሴ በቅርጫቱ ውስጥ ካሉ አክሲዮኖች አብሮ መንቀሳቀስ ጋር እንደሚያያዝ ገልጸዋል። እስራኤሊ፣ ሊና ስሪድሃራን በ2017 ባሳተሙት ጥናት የኢቲኤፍ ባለቤትነት ሲጨምር የግብይት ወጪ እንደሚጨምርና የአክሲዮኑ ዋጋ ስለ ወደፊት ትርፍ የሚይዘው መረጃ እንደሚቀንስ ተከራክረዋል።

ይሁንና ሥዕሉ አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ግሎስተን፣ ናላሬዲና ዞው በ2021 እንዳሳዩት፣ አብሮ መንቀሳቀሱ በከፊል የሚመነጨው ኢቲኤፍ ለሁሉም ኩባንያዎች የጋራ የሆነውን ዜና በፍጥነት ወደ ዋጋ ስለሚያስገባ ነው። በዚህ አተያይ የተዛምዶ መጨመር ሁልጊዜ ጉዳት ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የመረጃ ቅልጥፍና ምልክት ነው። ስለዚህ «ተዛምዶው ጨመረ» ከማለት በፊት የጨመረው በማን ግብይትና በየትኛው መንገድ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

3. ግፊቱ የሚተላለፍበት መንገድ

የኢቲኤፍ አክሲዮን ዋጋ በቅርጫቱ ውስጥ ካሉት አክሲዮኖች ድምር ዋጋ እንዳይርቅ የሚያደርገው ፈቃድ ያላቸው ተሳታፊዎች የሚባሉ ትልልቅ የፋይናንስ ተቋማት ሥራ ነው። የፈንዱ ዋጋ ከቅርጫቱ ዋጋ በላይ ሲሆን ተሳታፊው በቅርጫቱ ውስጥ ያሉትን አክሲዮኖች ገዝቶ ለፈንዱ ያስረክባል፤ በምላሹም አዲስ የፈንድ አክሲዮን ተቀብሎ ይሸጣል። ዋጋው ሲያንስ ተቃራኒውን ያደርጋል። ልውውጡ የሚካሄደው በጥቅል ሲሆን፣ አንድ ጥቅል ብዙ ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የፈንድ አክሲዮኖችን ይይዛል።

ይህ አሠራር ፈንዱን ከቅርጫቱ ጋር ቢያስታርቅም ሁለተኛ ውጤት አለው። ስለ አንድ ኩባንያ ምንም ዜና ሳይኖር፣ በፈንዱ ላይ የመጣ የመግዛት ወይም የመሸጥ ፍላጎት በቅርጫቱ ውስጥ ወዳሉት ኩባንያዎች ሁሉ እንደየድርሻቸው ይተላለፋል። እዚህ ላይ «እንደየድርሻቸው» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። በፈንዱ ውስጥ 20 በመቶ ድርሻ ያለው ኩባንያና 4 በመቶ ድርሻ ያለው ኩባንያ የሚደርስባቸው ግፊት እኩል አይደለም። ድርሻው በምን እንደሚወሰን ሳይታወቅ ግፊቱን መለካት አይቻልም።

አሠራሩ የሚሰናከልበት ጊዜም አለ። ኦገስት 24 ቀን 2015 ጠዋት በአሜሪካ ገበያ ከአንድ ሺህ በላይ የግብይት ማቆሚያዎች በተከታታይ ተጥለዋል፤ አብዛኞቹም በኢቲኤፎች ላይ ነበሩ። የቅርጫቱን ዋጋ በእርግጠኝነት ማስላት ያልቻሉ ነጋዴዎች ወደ ኋላ ስላሉ፣ በርካታ ፈንዶች ከያዙት ንብረት ዋጋ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ተሸጡ። ክስተቱ ፈንዱና ቅርጫቱ የሚተሳሰሩት በተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን በሥራ ላይ ባሉ ተቋማት ፈቃደኝነት መሆኑን አስታውሷል።

4. የተቋማዊ ባለቤትነት መለኪያ ጉድለቶች

የአሜሪካን ተቋማዊ ባለቤትነት የሚያጠና ተመራማሪ ዘወትር የሚጠቀመው ፎርም 13ኤፍን ነው። ግዴታው በ1934ቱ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ግብይት ሕግ ላይ በ1975 የተጨመረ ሲሆን፣ ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ በዝርዝሩ የተካተቱ ሰነዶችን የሚያስተዳድሩ ተቋማት በየሩብ ዓመቱ ማብቂያ በ45 ቀናት ውስጥ ይዞታቸውን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። መረጃው ሰፊና ለሁሉም ክፍት ነው። ለኢቲኤፍ ጥናት ሲውል ግን ቢያንስ አራት ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው ድርብ ቆጠራ ነው። አንድ የጡረታ ፈንድ አስተዳዳሪ የቴክኖሎጂ ኢቲኤፍ ሲይዝ የፈንዱን አክሲዮን ያስመዘግባል፤ የኢቲኤፉ አስተዳዳሪ ደግሞ በፈንዱ ውስጥ ያሉትን የኩባንያ አክሲዮኖች ያስመዘግባል። ሁለቱን ደምሮ የሚያሰላ ተመራማሪ አንዱን ሀብት ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

ሁለተኛው ከአክሲዮን ብድር ጋር የተያያዘ ነው። አክሲዮኑን ያበደረው ተቋም ይዞታውን ማስመዝገቡን ሊቀጥል ይችላል፤ ተበዳሪው የሸጠለት ሌላ ተቋምም የገዛውን ያስመዘግባል። ተበድሮ መሸጥ በሚዘወተርባቸው ኢቲኤፎች የተቋማት ይዞታ በገበያ ካለው የፈንዱ አክሲዮን ብዛት በልጦ፣ ማለትም ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የመዝገብ ስሕተት ሳይሆን የቆጠራው ባሕርይ ነው።

ሦስተኛው የአንድ ወገን መዝገብ መሆኑ ነው። ፎርሙ የተገዛውን እንጂ ተበድሮ የተሸጠውን አያሳይም። ኢቲኤፉን ገዝቶ በቅርጫቱ ውስጥ ያሉትን አክሲዮኖች የሸጠ ነጋዴ በመዝገቡ ላይ የቴክኖሎጂ ዘርፍ ትልቅ ባለሀብት መስሎ ይታያል። በተግባር ግን የዘርፉ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም የሚያገኘው ወይም የሚያጣው ነገር እጅግ ጥቂት ሊሆን ይችላል።

አራተኛው የጊዜ ጉድለት ነው። የሩብ ዓመት ፎቶግራፍ በመካከል የተደረገውን ግብይት አይመዘግብም። የተዛምዶ ንግድ ደግሞ በቀናትና በሳምንታት የሚለዋወጥ እንጂ ሦስት ወር ቆሞ የሚጠብቅ አይደለም።

ከእነዚህ ጉድለቶች የሚወጣው ድምዳሜ መረጃው አይረባም የሚል ሳይሆን፣ «ተቋም» የሚለው ጥቅል ስም ቢያንስ ለሦስት ሊከፈል ይገባል የሚል ነው፦ ለረጅም ጊዜ የሚይዝ ባለሀብት፣ ዋጋ በማቅረብ የሚተዳደር ገበያ አገናኝና በዋጋ ልዩነት ላይ የሚገበያይ ነጋዴ። ሦስቱ በአንድ መደብ ውስጥ ተቀላቅለው ከተሰሉ፣ የተገኘው ቁጥር የትኛውንም በትክክል አይወክልም።

5. የተዛምዶ ንግድና የድርሻ ሚና

የአንድ ቅርጫት መዋዠቅ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በእያንዳንዱ አክሲዮን መዋዠቅ፣ በየአክሲዮኑ ድርሻና በአክሲዮኖቹ መካከል ባለው ተዛምዶ። በፈንዱና በአክሲዮኖቹ ላይ የሚሸጡ የኦፕሽን ውሎች ዋጋ ገበያው የሚጠብቀውን መዋዠቅ ስለሚገልጽ፣ ድርሻዎቹ ከታወቁ የቀረው ያልታወቀ ነገር ተዛምዶው ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚሰላው መጠን ስውር ተዛምዶ ሊባል ይችላል። የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ ሲቦ ለኤስ ኤንድ ፒ 500 ይህን የሚለካ መለኪያ ከ2009 ጀምሮ ያወጣል።

ድሪሰን፣ ማንሃውትና ቪልኮቭ በ2009 እንዳሳዩት፣ የመለኪያው ኦፕሽኖች ከአባል አክሲዮኖቹ ኦፕሽኖች አንጻር ውድ ናቸው። ገዢዎች ተዛምዶ በድንገት እንዳይጨምርባቸው ለመድን የሚከፍሉት ዋጋ በዚያ ውስጥ አለ። የመበታተን ንግድ በሚባለው ስልት ነጋዴው የመለኪያውን ወይም የፈንዱን መዋዠቅ ሸጦ የአባል አክሲዮኖቹን መዋዠቅ ይገዛል፤ አክሲዮኖቹ በየፊናቸው ከሄዱ ያተርፋል፣ በአንድነት ከተናወጡ ይከስራል። በሌላ አነጋገር ነጋዴው መድን ሻጭ ነው።

የስሌቱ ደካማ ጎን ድርሻ ላይ ነው። ለማሳያነት ሁለት አክሲዮኖች ብቻ ያሉት ቅርጫት ይታሰብ። የአንደኛው ዓመታዊ መዋዠቅ 50 በመቶ፣ የሁለተኛው 20 በመቶ፣ ከኦፕሽን ዋጋ የተነበበው የቅርጫቱ መዋዠቅ ደግሞ 30 በመቶ ነው እንበል። ተንታኙ ድርሻቸውን እኩል በእኩል ብሎ ካሰበ፣ የቅርጫቱ ልይይት፣ ማለትም የመዋዠቁ ስኩዌር፣ 0.09 ነው፤ ከዚህ ውስጥ የሁለቱ አክሲዮኖች የግል አስተዋጽኦ 0.0725 ሲሆን ቀሪው 0.0175 የሚመጣው ከተዛምዶ ነው። ተዛምዶው 0.35 ይሆናል ማለት ነው። ትክክለኛው ድርሻ ግን 40 እና 60 በመቶ ቢሆን የግል አስተዋጽኦው ወደ 0.0544 ይወርዳል፣ ለተዛምዶ የሚቀረው 0.0356 ይሆናል፤ ስውር ተዛምዶውም ወደ 0.74 ይወጣል። በድርሻ ላይ የተፈጸመ የ10 መቶኛ ነጥብ ስሕተት ተዛምዶውን ከእጥፍ በላይ ለወጠው። የዚህ ዓይነት ስሕተት የያዘ ነጋዴ ውድ የሆነውን ርካሽ፣ ተመራማሪውም ጠንካራ የሆነውን ትስስር ደካማ ብሎ ይደመድማል።

6. ማሳያ፦ ኤክስኤልኬ በጁን 2024

ከላይ የቀረበው ስሌት የወረቀት ልምምድ ብቻ አለመሆኑን የኤክስኤልኬ ታሪክ ያሳያል። በአሜሪካ አንድ ፈንድ የተከፋፈለ ይዞታ አለው ተብሎ የግብር ጥቅም እንዲያገኝ በጥቂት ኩባንያዎች ላይ እንዳይከማች የሚያደርጉ ገደቦች አሉ። ፈንዱ የሚከተለው መለኪያም ከዚሁ ጋር የተስማማ ደንብ ነበረው፦ እያንዳንዳቸው ከ4.8 በመቶ በላይ ድርሻ ያላቸው ኩባንያዎች ድምር ከ50 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከበለጠም ከመካከላቸው ትንሹ ወደ 4.5 በመቶ እንዲወርድ።

በጁን 2024 ማይክሮሶፍት፣ ኤንቪዲያና አፕል እያንዳንዳቸው ከ3 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ ነበራቸው። ሦስቱም በዋጋቸው ልክ ቢመዘኑ ድምራቸው ከ50 በመቶ ስለሚያልፍ፣ ሙሉ ድርሻ ሊይዙ የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከማስተካከያው በፊት ማይክሮሶፍትና አፕል እያንዳንዳቸው 22 በመቶ ገደማ፣ ኤንቪዲያ ግን 6 በመቶ ገደማ ድርሻ ነበራቸው። በጁን አጋማሽ በተደረገው ልኬት ሦስተኛ የወጣው አፕል ሆነ። በማስተካከያው ማግስት የኤንቪዲያ ድርሻ ወደ 21 በመቶ ገደማ ሲያሻቅብ የአፕል ወደ 4.5 በመቶ ገደማ ወረደ። ፈንዱ በወቅቱ 70 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያስተዳድር ስለነበር ለውጡ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የኤንቪዲያ አክሲዮን መግዛትን፣ ከዚያ የማያንስ የአፕል አክሲዮን መሸጥን የሚጠይቅ ነበር። ግዢውና ሽያጩ የተመሠረተው ስለ ኩባንያዎቹ በተሰጠ አዲስ ግምገማ ላይ ሳይሆን በሦስት ተቀራራቢ ቁጥሮች ቅደም ተከተል ላይ ነበር።

ደረጃው የወጣው ለገበያ ክፍት በሆነው አክሲዮን ዋጋ መሆኑም ሊስተዋል ይገባል። በዚህ አሠራር የስልታዊ ባለድርሻዎች ይዞታ ከስሌቱ ሲወጣ፣ የመለኪያ ፈንዶችና የጡረታ ፈንዶች ይዞታ ግን ለገበያ ክፍት እንደሆነ ተቆጥሮ ይገባል። ስለዚህ የባለቤቱ ማንነት የድርሻው መነሻም ነው። ተቋማዊ ባለቤትነትን እንደ ነጻ ተለዋዋጭ፣ ድርሻን ደግሞ እንደ ተሰጠ ነገር የሚወስድ የሪግሬሽን ሞዴል ይህን ትስስር ያጣዋል።

የድርሻው ለውጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት ጃንዋሪ 27 ቀን 2025ን መመልከት ይበቃል። በዚያን ዕለት ዲፕሲክ የተባለው የቻይና ኩባንያ ያቀረበው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል በፈጠረው ሥጋት የኤንቪዲያ አክሲዮን 17 በመቶ ገደማ ወረደ፤ አፕል ግን 3 በመቶ ገደማ ጨመረ። ይህን የዋጋ ለውጥ ከጁን 2024 በፊት በነበሩት ድርሻዎች ብናሰላው ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ ላይ ከቅርጫቱ የሚቀንሱት 0.4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከማስተካከያው በኋላ በነበሩት ድርሻዎች ሲሰላ ግን ቅናሹ 3.4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ኩባንያዎቹም ዋጋቸውም አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ድርሻው ብቻ ነው። መለኪያውን የሚያዘጋጀው ተቋም በዚያው በ2024 ምክክር አድርጎ ደንቡን ሲያሻሽል፣ ቅነሳው በአንድ ኩባንያ ላይ ብቻ ከመውደቅ ይልቅ በትልልቆቹ መካከል በተመጣጣኝ እንዲከፋፈል አድርጓል።

የተዛምዶ አደጋ ሌላኛው ገጽታ በዚያው ዓመት ክረምት ታይቷል። ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ አክሲዮኖች በየፊናቸው በመሄዳቸው ስውር ተዛምዶ እጅግ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ኦገስት 5 ቀን 2024 ግን የመዋዠቅ መለኪያው ቪክስ በዕለቱ ውስጥ ከ65 በላይ ደርሶ ከ38 በላይ ላይ ዘጋ፤ ኤስ ኤንድ ፒ 500 3 በመቶ ሲወርድ ኤንቪዲያና አፕልም አብረው ወረዱ። ለሳምንታት ተለያይተው የነበሩ አክሲዮኖች በአንድ ቀን ተገናኙ። ዝቅተኛ ተዛምዶ የአደጋ አለመኖር ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የተጠራቀመ አደጋ ምልክት መሆኑን ክስተቱ ያመለክታል።

7. ለቀጣይ ጥናት የሚጠቅሙ ጥንቃቄዎች

ከትንተናው አራት ተግባራዊ ጥንቃቄዎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ድርሻዎች ከፈንዱ የዕለት የይዞታ መግለጫ እንጂ ከኩባንያዎቹ የገበያ ዋጋ ተሰልተው ሊወሰዱ አይገባም። ሁለተኛ፣ የደንብ ማስተካከያ የተደረገባቸው ቀናት በናሙናው ውስጥ ተለይተው ሊታዩ ይገባል፤ ናስዳክ 100 በጁላይ 2023 ያደረገው ልዩ ማስተካከያም ከዚህ መደብ ነው። ሦስተኛ፣ የዘርፉ ወሰን ራሱ ቋሚ አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። አልፋቤትና የዛሬው ሜታ በሴፕቴምበር 2018 ወደ ኮሙኒኬሽን ዘርፍ፣ ቪዛና ማስተርካርድ በማርች 2023 ወደ ፋይናንስ ዘርፍ ተዛውረዋል። እነዚህን ቀናት አቋርጦ የሚያልፍ የተዛምዶ ተከታታይ መረጃ በእርግጥ የሁለት የተለያዩ ቅርጫቶች መረጃ ነው። አራተኛ፣ የ13ኤፍ ይዞታ በባለቤቱ የሥራ ዓይነት ተከፋፍሎ፣ ከተቻለም ከተበድሮ መሸጥ መረጃ ጋር ተጣምሮ ሊነበብ ይገባል።

8. ማጠቃለያ

በቴክኖሎጂ ኢቲኤፎች ውስጥ የተቋማዊ ባለቤትነትና የተዛምዶ ግንኙነት በአንድ ቁጥር የሚገለጽ አይደለም። የይዞታው መጠን ባለቤቱ ለምን እንደያዘ አይናገርም፤ የፈንዱ ስምም በውስጡ ያለውን ድርሻ አይናገርም። በጁን 2024 እንደታየው፣ ተመሳሳይ ስም ይዞ የዘለቀ ፈንድ በአንድ ማስተካከያ የተለየ አደጋ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ቆጣቢው ይህን የሚያውቅበት ዕድል ጠባብ ነው፤ የተዛምዶ ነጋዴው ያውቀዋል፣ ካላወቀም በኪሳራ ይማረዋል። ተመራማሪው ግን በስሕተቱ ወዲያው ስለማይከስር፣ ድርሻውንና ባለቤቱን ለይቶ የመመርመር ኃላፊነቱ ከሁለቱም የበለጠ ነው።